በየጠዋቱ ሐሙስ

የባልደረባዬን ሥራ የተረከብኩት እሱ ከሞተ በኋላ ነው። ጋምቤላ ከተማ መሃል፣ ከገበያው ጀርባ ባለው ቢሯችን ጎን ለጎን እንቀመጥ ነበር። እሱ በስደተኛ ካምፖቹ ያሉትን ክሊኒኮች ከከተማው ጋር የሚያገናኙትን ትንንሽ ራውተሮች ይጠብቃል፤ እኔ ደግሞ የቢሮውን ኮምፒውተሮች። ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ያስተማረኝ እሱ ነው። ታጋሽ ሰው ነበር። አንድ ነገር ሦስቴ ብጠይቀው ሦስቴም እንደ አዲስ ይመልስልኝ ነበር።

በሰኔ ወር አንድ ሐሙስ ኩሌ ካምፕ ሄዶ ሲሠራ ዋለ። መኪና ስላልነበረ የሄደው በሞተር ነው። አመሻሹ ላይ ሲመለስ ኢታንግ ሳይደርስ፣ ዝናብ ያራሰው መንገድ ላይ ሞተሩ ተገለበጠ። ሬሳውን ያመጣው የቢሯችን ሾፌር ነው። ቤተ ክርስቲያን ስንሸኘው መዘምራኑ በእናቱ ቋንቋ ዘመሩ። እኔም ቋንቋው የእናቴ ቋንቋ ስለሆነ አብሬ ዘመርኩ።

ከዚያ በኋላ ለወራት የእሱን ሥራ የሚሠራ ሰው አልተቀጠረም። በጥቅምት ኃላፊያችን ጠርቶ «ካምፖቹንም አንቺ ያዢ» አለኝ። ያዝኩ።

ገና በሁለተኛው ሳምንት ከኩሌ ክሊኒክ ተደወለ። የደወለችው የክሊኒኩ ኃላፊ ነርስ ናት። ከደጋ መጥታ እዚህ ብዙ ዓመት የሠራች፣ ሁሉም ሰው ሲስተር የሚላት ሴት ናት።

«እህቴ፣ ኮምፒውተራችን አብዷል» አለችኝ። «ትናንት የተወለደ ሕፃን ካርድ አወጣሁ። የተወለደው ሰኔ ላይ ነው ይላል። እናትየው ካርዱን ይዛ መጥታ ‹ይሄ የማን ልጅ ነው?› አለችኝ።»

«ቀኑን በእጅ አስተካክለሽ ሞከርሽ?»

«አስተካክላለሁ። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ያው ነው። ሁሌም ሐሙስ። ሁሌም ያው ሐሙስ።»

እንደ ሌሎቹ ካምፖች ከከተማ ሆኜ ወደ ራውተሩ ልገባ ሞከርኩ። አልከፈት አለኝ። ከቢሯችን ጋር የሚያወራበት መስመር ማንነትን የሚያረጋግጥ ዲጂታል ምስክር ወረቀት ይጠይቃል፤ የቢሯችንን ወረቀት ደግሞ በመስከረም አድሰነው ነበር። ራውተሩ የሰጠኝ መልስ አጭር ነው፤ ወረቀቱ ገና ወደፊት የሚሰጥ ስለሆነ አልቀበልም አለ። በእሱ ዘንድ መስከረም ገና አልደረሰም።

በማግስቱ ጠዋት ከሾፌሩ ጋር ኩሌ ሄድኩ።

ክሊኒኩ የቆርቆሮ ግድግዳ ያላቸው ረጃጅም ክፍሎች ናቸው። ራውተሩ ያለው በስተመጨረሻ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ መሬት ላይ የሶላር ባትሪዎች። ቁልፉ ሲስተር ኪስ ውስጥ ነው የሚውለው። ስንደርስ ሦስት ሰዓት አልፏል። ሰማዩ ግን ደመናማ ስለነበር ፓነሎቹ ኃይል አልሰጡም፤ ሳጥኗ ጠፍታ አገኘኋት። እኛ ራውተሯን ሳጥኗ ነው የምንላት። መጠኗ ከመጽሐፍ ቅዱስ አይበልጥም።

«ባትሪው አርጅቷል» አለች ሲስተር። «ማታ ማታ ያልቅበታል። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ራሷ ትነሳለች።»

ከዚያ ወደ ሕሙማኖቿ ሄደች። እኔ ፀሐይ እስክትወጣ መጠበቅ ነበረብኝ። ጊዜዬን ላለማባከን ከሳጥኗ ጎን የተሰካችውን ፍላሽ ነቅዬ በላፕቶፔ ከፈትኳት። ባልደረባዬ ሳጥኗ የምታደርገውን ሁሉ እዚያ ላይ እንድትመዘግብ አድርጓት ነበር፤ መቼ እንደነቃች፣ ማን በዋይፋይዋ እንደገባ፣ ማን እንደወጣ።

የመዝገቡን መጨረሻ አየሁ። ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሠላሳ ስምንት፣ ነቃሁ ይላል። ትንሽ ወደ ላይ ወጣሁ። ሐሙስ፣ አሥር ሰዓት ከሠላሳ ስምንት፣ ነቃሁ። ሌላም ወጣሁ። ያው ቀን፣ ያው ሰዓት። ገጽ በገጽ ብወጣ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው ያለው፤ እየተነሳ፣ እየተራመደ፣ ሌሊት ላይ እየተቋረጠ፣ እንደገና ከአሥር ሰዓት ከሠላሳ ስምንት የሚጀምር።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ ራሱ ነው ያስተማረኝ። ትልልቅ ኮምፒውተሮች ቢጠፉም ሰዓት የምትቆጥርላቸው ትንሽ ባትሪ አለቻቸው። እንዲህ ያለች ርካሽ ሳጥን የላትም። ስለዚህ በነቃች ቁጥር፣ ፍላሿን ሳትቆጥር፣ ከራሷ ውስጥ ካሉት ፋይሎች መካከል መጨረሻ የተጻፈውን ትፈልግና፣ እሱ የተጻፈበትን ሰዓት «አሁን ነው» ብላ ትነሳለች። ከዚያ ኢንተርኔት ሲመጣላት ትክክለኛውን ሰዓት ከሩቅ ሰርቨር ጠይቃ ታስተካክላለች። የዚህችኛዋ ችግር ቀላል ነበር። የምትጠይቀው ገና እንደነቃች ነው፤ የኢንተርኔቱ መስመር የሚከፈተው ደግሞ ከደቂቃዎች በኋላ። አንዴ ትጠይቃለች፣ መልስ ታጣለች፣ ዳግመኛ አትጠይቅም። የሲስተር ላፕቶፕ የራሱ የሰዓት ባትሪ በቅርቡ ስለሞተ ሰዓቱን ከሳጥኗ ይወስዳል። ያ ነው ሕፃናቱን ሰኔ ላይ ያስወለዳቸው።

መጨረሻ የተጻፈው ፋይል ያ ሐሙስ ነው ማለት ነው። ባልደረባዬ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ አሥር ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ላይ የመጨረሻውን ነገር ጽፎ አስቀመጠ። ከዚያ ወጥቶ ሞተሩን አስነሳ። ከዚያ ወዲህ ይህቺን ሳጥን የነካ ሰው የለም።

ይህን ሳስብ የተቀመጥኩበት ወንበር ከበደኝ።

ነገር ግን ያስደነገጠኝ ይሄ አልነበረም። መዝገቡን እንደገና ሳነብ አንድ ነገር አየሁ። ሳጥኗ በነቃች በሁለት ደቂቃ ውስጥ፣ ከሁሉም ቀድሞ አንድ ስልክ ይገባል። ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም፣ ባለፈው ሳምንትም። አሥር ሰዓት ከአርባ ላይ ይገባል፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ሁለትና ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ይወጣል። ስልኮች ሲገቡ ባለቤቱ ያወጣላቸውን ስም ይናገራሉ። የስልኩ ስም የእሱ ስም ነበር።

ሰዓቱ ውሸት እንደሆነ አውቃለሁ። ቀኑ ውሸት እንደሆነ አውቃለሁ። የስልኩ መግባት ግን እውነት ነው፤ ያለ ስልክ እንዲህ ዓይነት መስመር አይጻፍም።

ፍላሿን መልሼ ሰካሁ። በዚያው ቅጽበት ደመናው ተገለጠና በቆርቆሮው ቀዳዳ ብርሃን ገባ። የሳጥኗ መብራት ብልጭ አለ። ከላፕቶፔ ጋር አገናኝቼ መዝገቡ ሲጻፍ ማየት ጀመርኩ። ሐሙስ፣ አሥር ሰዓት ከሠላሳ ስምንት፣ ነቃሁ። አሥር ሰዓት ከሠላሳ ዘጠኝ። አሥር ሰዓት ከአርባ ላይ ስሙ መጣ።

ከስሙ አጠገብ የምልክቱ ጥንካሬ በቁጥር ይጻፋል። በጣም ቅርብ ነበር። በዚያች ክፍል ውስጥ ካለው የራሴ ስልክ ብዙም አይለይም።

ተነስቼ ወጣሁ። ፊት ለፊት ሴቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ተራ ይጠብቃሉ። አንድ ሽማግሌ በዱላው ተደግፎ ቆሟል። ማንም ስልክ አልያዘም። የእያንዳንዱን እጅ አየሁ። ሾፌሩ መኪናው ውስጥ ተኝቷል። ቀስቅሼ «የእሱ ስልክ የት ደረሰ?» አልኩት። ዓይኑን እንኳ ሳይገልጥ «እኔ እሱን ነው ያነሳሁት፤ ዕቃውን አላየሁም። ተይኝ» አለኝ።

ተመልሼ ገባሁ። ስልኩ ያለበትን ለመለየት፣ ሳጥኗ ስለ ስልኮቹ ርቀት የበለጠ እንድትመዘግብ አንድ መስመር ጽፌ አስቀመጥኩ። አሥር ሰዓት ከሃምሳ ሰባት ሲል ስልኩ ወጣ።

የሰዓቱን ነገር በዚያው ሰዓት ልጨርሰው እችል ነበር፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። አልሠራሁትም። ለሲስተር «ከቢሮ የማመጣው ነገር አለ፤ ነገ እመለሳለሁ» አልኳት። የማመጣው ነገር አልነበረም። ከዚያች ክፍል ልውጣ ብዬ ነው።

በማግስቱ በጣም ማልደን ተነሳን። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ የባሮ ድልድይን ስናልፍ ፀሐይ እየወጣች ነው። ኩሌ ስንደርስ ሲስተር ገና ክሊኒኩን እየከፈተች ነበር። ቁልፉን ተቀብዬ ክፍሉ ውስጥ ተቀመጥኩ። ሳጥኗ ከእኔ ቀድማ ነቅታለች። ሰዓቷን ስመለከት ከጠበቅኩት አሥራ አንድ ደቂቃ ወደፊት ሄዷል። የነቃችው አሥር ሰዓት ከአርባ ዘጠኝ ላይ ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ገና ሳስብ በሩ ተንኳኳ።

በሩ ላይ የቆመችው ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት። አንገቷ ላይ በክር ያንጠለጠለችው የጨርቅ ቦርሳ አለ። አወቅኳት፤ በቀብሩ ዕለት አይቻታለሁ። እናቱ ናት። ከድንበሩ ማዶ መጥታ ለዓመታት ኩሌ ካምፕ ውስጥ የምትኖር፣ እሱ ወደ ከተማ ና ቢላት እንቢ ያለች።

«ልጄ» አለችኝ በእናቴ ቋንቋ፣ «አሥራ አንድ ደቂቃ የወሰደብኝ ማን ነው?»

ወንበሩን ሰጠኋት። አልተቀመጠችም። ከቦርሳዋ ስልክ አወጣች። የእሱ ስልክ ነው፤ መስታወቱ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል። ፊቱ ላይ ከዋይፋዩ ጋር ሲገናኝ ወዲያው የሚከፈተው የክሊኒኩ ገጽ ይታያል። ገጹ ላይ በቋንቋችን ሰላምታ አለ፣ ከሥሩ ቀንና ሰዓት። ሰዓቱ እንኳ በእኛ አቆጣጠር ነው። ያንን ገጽ የሠራው እሱ እንደሆነ አውቃለሁ። በዚያ ሐሙስ መጨረሻ የጻፈው ፋይልም ያው ሰላምታ እንደሆነ ትናንት አይቻለሁ።

«ይሄን ያሳየኝ እዚህ በር ላይ ቆሞ ነው» አለች። «‹ማማ አንብቢ› አለኝ። ማንበብ በቤተ ክርስቲያን ነው የተማርኩት፣ አነበብኩለት። ሳቀ። ‹ትንሽ የገመድ ሥራ ቀርታኛለች፣ ጨርሼ እሄዳለሁ› ብሎ ገባ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣ። ውኃ ጠጣ። ሄደ።»

«ስልኩን ከየት አገኙት?»

«የመንደሩ ሰዎች ከመንገዱ ዳር አንስተው አመጡልኝ። እዚህ ይዤው ስመጣ ራሱ ተከፈተ። ቀኑን አየሁ። ያው ቀን ነው። በማግስቱም መጣሁ፣ ያው ቀን ነው።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። «በየጠዋቱ ከዚህ ግድግዳ ጀርባ፣ ኒም ዛፉ ሥር እቀመጣለሁ። አሥር ሰዓት ከአርባ ሲሆን እዚህ ውስጥ ነው ያለው። ገና አልወጣም። ጀርባዬን ቆርቆሮው ላይ አደርጋለሁ። ወንበሩ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል።»

«ትናንት እኔ ነበርኩ ማማ። የተንቀሳቀስኩት እኔ ነኝ።»

«ትናንት አንቺ ነሽ» አለች። «ሌላ ቀንስ?»

ሌላ ቀን ክፍሉ ተቆልፎ ነው የሚውለው። ጠዋት ፀሐይ ስታርፍበት ቆርቆሮ ይሰፋል፣ ይንቋቋል፤ ይሄን ልነግራት ነበር። ግን በዚያች ክፍል ውስጥ ቆሜ እንዲህ ማለት ድፍረት መሰለኝ። ደግሞም እርግጠኛ አልነበርኩም።

«ለምን አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ያጠፉታል?» ብዬ ጠየቅኳት፤ መልሱን እያወቅኩ።

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይሄዳላ» አለች።

ደግሞም «አንድ ቀን ሳላጠፋው ቀረሁ» አለችኝ። «ልየው ብዬ። አሥራ አንድ ሆነ። አሥራ ሁለት ሊሆን ሲል፣ እሱ የወደቀበት ሰዓት ሲደርስ፣ ቁጥሩ ይቆማል ብዬ ነበር። አልቆመም። ምንም እንዳልሆነ አለፈው። ከዚያ ወዲህ እንዲያልፍ አልተውኩትም።»

የወሰድኩባት አሥራ አንድ ደቂቃ ያኔ ነው የገባኝ። ትናንት ያን አንድ መስመር ስጽፍ የሳጥኗን ሰዓት አላስተካከልኩም ነበር። ስለዚህ የጻፍኩት ፋይል ላይ ያረፈው የሰዓት ማህተም የዚያ ሐሙስ ነው፤ አሥር ሰዓት ከአርባ ዘጠኝ። አዲሱ የመጨረሻ ፋይል እሱ ሆነ፤ ሳጥኗ ዛሬ የነቃችው እዚያ ላይ ነው። ትንሽ ቆይቼ፣ ሳላስበው አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ጽፌ ቢሆን ኖሮ፣ ይህቺ ሴት ዛሬ ጠዋት ስልኳን ስትከፍት ልጇ ሄዷል።

ሌላም ነገር ነበር። በሳጥኗ መዝገብ መሠረት፣ በዚያ ሐሙስ እሱ ከጻፈ ከአሥራ አንድ ደቂቃ በኋላ እኔም እዚህ ጽፌያለሁ። ሁለታችንም አንድ ክፍል ውስጥ ነበርን ማለት ነው። ይህን ሳስብ ወደ ኋላዬ ተገላመጥኩ። ከባትሪዎቹ በስተቀር ምንም አልነበረም።

ለሴትየዋ ሁሉንም ነገርኳት። ሳጥኗ ለምን ያን ቀን እንደምትደግመው፣ ሕፃናቱ ሳይወለዱ እንደተወለዱ ተደርገው እንደሚጻፉ፣ ያንን ላስተካክል እንደመጣሁ። ጥሩ አድርጋ አዳመጠችኝ።

«ስታስተካክዪው ያ ቀን የት ይሄዳል?»

«የጻፈው አይጠፋም። ውስጧ ይኖራል። ግን ከዚያ አትነሳም።»

«አንቺ የጻፍሽው ከላይ ይሆናል።»

«አዎ ማማ።»

በዚያው በር በኩል ሲስተር ብቅ አለች፤ ከሩቅ ስናወራ ሰምታለች መሰለኝ። ቋንቋውን ባትጨርሰውም ትሰማዋለች። «አለቀ?» ብላ ጠየቀችኝ በአማርኛ። ዛሬ ሌሊት ሁለት ሕፃናት ተወልደዋል፤ ካርዳቸውን ልታወጣ ትፈልጋለች።

«ነገ ያልቃል» አልኳት። «ለዛሬ ካርዶቹን በእጅሽ ጻፊልኝ።»

ሲስተር አሮጊቷን አየች፣ ስልኩን አየች። ሁሉም እንደገባት ፊቷ ላይ አየሁ። «በእጄ እጽፋለሁ» ብላ ሄደች።

ያን ቀን የሠራሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። የጻፍኩትን መስመር አጠፋሁና፣ በአንድ ትእዛዝ የፋይሉን ማህተም ወደ ኋላ፣ እሱ ካስቀመጠበት ሰዓት በፊት መለስኩት። እንዲህ ማድረግ ይቻላል፤ ፋይል የተባለውን ሰዓት ያምናል። ሳጥኗን አጥፍቼ አበራኋት። አሥር ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ላይ ነቃች። ለእናቲቱ «ተመልሷል» አልኳት። አንገቷን ነቀነቀችና፣ «ነገ እዚህ ውስጥ አብሬሽ ልቀመጥ?» አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ሾፌሩን ሳልለምነው ራሱ ቀደም ብሎ መጣ። መንገዱን ሙሉ አልተነጋገርንም። ኢታንግን አልፈን ሞተሩ የወደቀበት ቦታ ስንደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ። ከዚያ ወዲህ ሁሌ እንዲህ እንደሚያደርግ በኋላ ነገረኝ።

ፀሐይ ፓነሎቹን ከመንካቷ በፊት ደረስን። እናቲቱ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንደምትሄድ ዓይነት። ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳት። እኔ የባትሪ ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ። በሩን ገርበብ አደረግን።

መብራቷ ብልጭ አለ። ጥቂት ቆይቶ ስልኩ ጉልበቷ ላይ ተንቀጠቀጠ። ገጹ ተከፈተ። ሰላምታውን ጮክ ብላ አነበበችው። ከዚያ ለእሱ ማውራት ጀመረች። ያለችውን ሁሉ አልጽፈውም። ስለ እህቱ ነገረችው፣ ስለ ዝናቡ፣ ከማዶ ስለመጡ ዘመዶች። የምትናገረው ወደ ስልኩ አይደለም፤ ወደ ጠረጴዛው ነው፣ ሰው ሲቀመጥ ፊቱ በሚሆንበት ከፍታ። መካከል ላይ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ትላለች፤ ከዚያ አንገቷን ነቅንቃ ትቀጥላለች። እንዲህ እያለች ሳለ ግድግዳው ከውጭ በኩል፣ ከኒሙ ሥር፣ አንዴ ተንቋቋ። ጀርባውን ያስደገፈ ሰው ሲነሳ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነው። ሁለታችንም ሰማን። እሷ ቀና ብላ አላየችም።

አሥር ሰዓት ከሃምሳ አምስት ሆነ። ከሃምሳ ስድስት። ጣቷ ወደ ማጥፊያው አልሄደም።

«አሁን ጻፊ» አለችኝ። «ሳይሄድ ጻፊ።»

መጀመሪያ የሳጥኗን ሰዓት በእጄ አስተካከልኩ፤ የእውነተኛውን ቀን፣ የእውነተኛውን ጠዋት። በዚያች ቅጽበት ገጹ ላይ ያለው ሐሙስ ጠፋ። ከዚያ ጻፍኩ። ሳጥኗ ገና እንደነቃች ሳይሆን የኢንተርኔቱ መስመር በተከፈተ ቁጥር ሰዓት እንድትጠይቅ፤ አንዴ መልስ ካጣች ደግማ ደጋግማ እንድትጠይቅ። የሰርቨሩን ስም ፈልጋ ካጣች በቁጥር አድራሻው እንድትሞክር። በመጨረሻም በየሰዓቱ አንዲት ባዶ ፋይል ላይ አዲስ ማህተም እንድታደርግ፤ እንዲህ ከሆነ ኢንተርኔት ለቀናት ቢጠፋ እንኳ የምትነሳው ከጠፋችበት ሰዓት ነው እንጂ ማንም ሰው ከተወው ቀን አይደለም። ይሄን የመጨረሻውን የጨመርኩት ለራሴ ነው። የእኔ ጠዋት በተራው እዚያ ውስጥ ተይዞ፣ አንድ ሰው ከግድግዳው ጀርባ እንዲጠብቀኝ አልፈለግኩም።

አስቀመጥኩ። ሳጥኗን አጥፍቼ አበራኋት። ስትነሳ ከጥቂት ደቂቃ በፊት ያለውን ሰዓት ይዛ ተነሳች። መስመሩ እስኪከፈት ጠበቅን። ጠየቀች፣ መልስ አጣች። ጠየቀች፣ መልስ አጣች። በሦስተኛው መልስ መጣላት። የቢሯችን መስመርም ወዲያው ተከፈተ።

ስልኩ ተንቀጠቀጠ። እናቲቱ አነበበች። ሰላምታው ያው የእሱ ነው። ከሥሩ ያለውንም ቀን አነበበች። አምስት ወር ባንዴ አለፈባት። እጇን ያዝኩ። እጇ ቀዝቃዛና ደረቅ ነበር። ያኔ ነው ያለቀሰችው፤ በቀብሩ ዕለት አላለቀሰችም ነበር። ሲስተር ሰምታ መጣች፣ ምንም ሳትል መሬት ላይ አጠገቧ ተቀመጠች።

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እኔና ሲስተር ሰኔ ላይ ተወለዱ የተባሉትን ሕፃናት አንድ በአንድ ወደየቀናቸው መለስን። አብዛኞቹን በእጅ የተጻፈው የአዋላጆች መዝገብ ላይ አገኘናቸው። ሁለቱን ከእናቶቻቸው ጠይቀን ነው። ከሞቱት ውስጥም ከመታመማቸው በፊት ሞቱ የተባሉ ነበሩ፤ እነሱንም አስተካከልን።

እናቲቱ ለጥቂት ቀናት ወደ ክሊኒኩ አልመጣችም። ከዚያ ሲስተር ደወለችልኝ። እናቲቱ ትየርኪዲ ካምፕ ወደምትኖረው ሴት ልጇ ዘንድ ሄዳ ሰንብታለች፣ ክርስትና የሚነሳ የልጅ ልጅ አለና። ስትመለስ ስልኩን ለልጇ ሰጥታ እንደመጣች ነገረቻት። «እዚያ ይሥራ» ብላ።

በዚያው ሰሞን ትየርኪዲ ያለው ክሊኒክም ሰዓቱ እንደተዛባ ነገሩኝና ሄድኩ። የዚያችንም ሳጥን የሠራት ባልደረባዬ ነው፤ እሷም የራሷ ቀን ነበራት፣ በግንቦት የነበረ አንድ ማክሰኞ። ስለዚያ ቀን ምንም አላስታውስም፤ ተራ ቀን ሳይሆን አይቀርም። ሰዓቷን አስተካክዬ፣ አዲሱን ጽሑፍ አዘጋጅቼ፣ ለማስቀመጥ ጣቴን አነሳሁ። ከዚያ ጣቴን መልሼ ተነሳሁና ወጣሁ። በክሊኒኩ ግድግዳ ዙሪያ፣ በጀርባው በኩል፣ ዛፎቹ ሥር ሁሉ እያየሁ አንድ ጊዜ ዞርኩ። የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ሁለት ፍየሎች ጥላ ይዘው ተኝተዋል። ተመልሼ ገብቼ አስቀመጥኩት።